የዐፈር መታጠብና የአገር ጸጥታ

የኢጣልያ ጦር በ1881 ዓ.ም. ክረምት ከምጽዋ ተነሥቶ ደጋውን ሲወጣና አሥመራን ሲይዝ፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ዶጋሊ ላይ የገጠመውን ዓይነት ውጊያ አላገኘም። የታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ ልዩ ልዩ ምክንያት ይሰጣሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መተማ ላይ መውደቃቸውና መኳንንቱ እርስ በርሳቸው መለያየታቸው ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ነው። ከዚህ ጋር አብሮ ሊጠቀስ የሚገባው፣ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም የበሬ ማለቅ ነው።

ለኢጣልያ ጦር ተብለው በምጽዋ ወደብ ከወረዱ ከብቶች ጋር እንደ ገባ የሚነገረው የከብት ወረርሽኝ፣ ባላገሩ በተቃራኒ ስም «ደስታ» ብሎ የሚጠራው በሽታ፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው፣ ከደጋውም ወደ ደቡብ እየተዛመተ ከዐሥሩ ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ የሌለው አራሽ መሬቱ ደኅና ቢሆንም አያርስም፤ ላሚቱ ስለ ሞተችም ለሕፃን የሚሆን ወተት የለም። በዚያው ላይ ዝናሙ ቀረ፤ አንበጣና ተምችም ተከታትለው መጡ። ሕዝቡ ይህን ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» እያለ ይጠራዋል። ዐፄ ምኒልክ በሬ ላጣው ሕዝብ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ ተብሎ የሚተረከውም የዚያን ጊዜ ነው። ከሕዝቡ ሲሶው ያህል አለቀ ብለው የጻፉ አሉ፤ በወቅቱ የሕዝብ ቈጠራ ስላልነበረ ቍጥሩ ግምት ነው፤ የመከራው ስፋት ግን አያጠራጥርም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ የሚያስተውሉት ነው። በኤርትራ ደጋ ባለቤቱ የሞተበት ወይም በረኃብ ተሰዶ የሄደበት መሬት ጦም ባደረ ጊዜ፣ አዲሱ የቅኝ ግዛት አስተዳደር መሬቱን ባዶ ነው ብሎ የመንግሥት አደረገው። ከ1885 እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመቶች በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሔክታር ለኢጣልያውያን ሠፋሪዎች እንዲሆን ተከለለ። ዝናሙ ተመልሶ ባላገሩ ወደ ርስቱ በመጣ ጊዜ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቈየው። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ ወር 1887 ዓ.ም. በአካለ ጉዛይ ያነሡት ዐመፅ በአብዛኛው ከዚህ የመሬት ቅሬታ የተወለደ ነበር። እርሳቸው ሐላይ ላይ ወደቁ፤ ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም፤ ከኮአቲት ወደ አምባላጌ፣ ከአምባላጌም ወደ ዐድዋ አመራ። ጦርነቱን ያስነሣ የከብት በሽታ ነው ማለት አይቻልም። ጠላት የገባበትን በር ከውስጥ የከፈተው ግን እርሱ ነበር።

የአገር ጸጥታ በሠራዊት፣ በፖሊስና በዳኛ ይጠበቃል ሲባል እውነት ነው፤ የሚያከራክርም አይደለም። የሚያከራክረው ዐፈርንና ውሃን፣ ግጦሽንና የከብት ጤናን መጠበቅ ከጸጥታ ሥራ መቈጠሩ ነው። በጀት ሲደለደል የእርሻ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ሁልጊዜ ከልማት ወገን ይመደባል፤ ልማት ደግሞ አገር ሰላም ሲሆንና ገንዘብ ሲተርፍ የሚሠራ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። ይህ አመዳደብ የተሳሳተ ነው። በአንድ ወረዳ ዐፈሩ ታጥቦ ካለቀ፣ ምንጩ ከደረቀና ግጦሹ ከጠፋ፣ በዚያ ወረዳ የሚቀረው ሰው ሊሰደድ፣ ሊዘርፍ ወይም መሣሪያና ቀለብ ለሚሰጠው ለማንኛውም ሰው ሊያድር የተዘጋጀ ነው። ይህን ለመከላከል በኋላ የሚወጣው ወጪ አስቀድሞ እርከን ለመሥራት ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

ዐፈር እንዴት እንደሚሄድ ለባላገር መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ለከተማ አንባቢ ግን ነገሩን በቍጥር መግለጡ ሳይጠቅም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1981 በእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር በሚገኘው በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የዐፈር ጥበቃ ምርምር፣ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ደጋ ጣቢያዎች ጎርፍ የሚወስደውን ዐፈር ሲለካ ቈይቶ፣ ከታረሰ መሬት በያመቱ ከአንድ ሔክታር በአማካይ 42 ቶን ያህል ዐፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። ከዚያው ሔክታር የሚገኘው ጤፍ ግን በደኅና ዓመት እንኳ ብዙ ጊዜ ከ20 ኩንታል አይበልጥም። እንግዲህ ገበሬው አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ ጎተራው ሲያስገባ ከሃያ ኩንታል በላይ ዐፈር ወደ ወንዝ ይሰዳል ማለት ነው። የታጠበው ዐፈር በሔክታሩ ላይ እኩል ቢነሣ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ በአንድ ዓመት በዐይን የሚታይ አይደለም። አንድ ሰው ርስቱን ከአባቱ ተረክቦ ለልጁ እስኪያወርስ፣ አርባ ዓመት ቢሆነው፣ ዐሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በብዙ ተዳፋት ማሳ ላይ ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ድንጋይ ነው።

ምክንያቱ የገበሬው ስንፍና አለመሆኑን የከተማ ሰው ሊያውቀው ይገባል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነ መሬቱ አራትና አምስት ጊዜ ታርሶና ለስልሶ እንደ ዱቄት መሆን አለበት፤ የሚዘራውም በሐምሌ ነው። ስለዚህ ዝናሙ እጅግ በሚበረታበት ወር ማሳው ራቁቱን ይቈያል። የሐምሌ ዝናም ጠብታ በለሰለሰ ዐፈር ላይ ሲወርድ የሚያደርገውን ለማየት የሚፈልግ ባለሥልጣን ቢኖር፣ ቢሮው ተቀምጦ ሪፖርት ከሚያነብ ይልቅ ከዝናም በኋላ በአንድ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ የውሃውን መልክ ቢመለከት ይበቃዋል።

በዚህ ላይ የማገዶ ነገር ይጨመራል። ዛፉ በተመናመነበት ደጋ የቤት እመቤቲቱ ምጣድዋን የምታግለው በኩበት ነው። ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት ፍግ በምድጃ ይቃጠላል፤ ፍግ ያላገኘ ዐፈር ውሃ አይዝም፤ ውሃ ያልያዘ ዐፈር ደግሞ ቶሎ ይሄዳል። ዝናም ለሁለት ሳምንት ቢዘገይ ፍግ የጠገበው ማሳ አዝመራውን ሲያቈይ የተራቈተው ማሳ ያደርቀዋል። ስለዚህ «ድርቅ» የሚባለው ነገር ግማሹ ከሰማይ የመጣ ሲሆን ግማሹ በምድር የተዘጋጀ ነው። ዛሬ የዓለም የአየር ጠባይ እየሞቀ በመሄዱና ዝናሙ ጊዜውን እያዛባ በመምጣቱ፣ ከሰማይ የሚመጣው ግማሽ ከማንም ባላገርና ከማንም መንግሥት ፈቃድ ውጭ እየባሰ ነው። በእጃችን የቀረው በምድር ያለው ግማሽ ነው።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳያል። የሞተው ሰው ብዛት ከአርባ ሺህ እስከ ሁለት መቶ ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረኃብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙ እንዳልናረ፣ እንዲያውም ሕዝቡ እየሞተ ሳለ ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የተጫነ እህል እንደ ነበረ ገልጿል። ገበያ እህል ነበረው፤ አዝመራው የጠፋበት ባላገር ግን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ከብቱንም ለመሸጥ ቢያወጣ የሁሉም ከብት በአንድ ቀን ስለ ወጣ ዋጋው ወደቀ። ከሁሉም የባሰ የተጐዳው ደግሞ አፋር ነበር። የአዋሽ ዳር ሜዳ ለአፋር የበጋ ግጦሽ ነበር፤ ያ ሜዳ ግን በመስኖ ለሚለማ የጥጥ እርሻ ተሰጥቶ ነበር። ዝናም በደኅና በሚዘንብበት ዓመት ጉዳቱ አልታየም። ድርቁ ሲመጣና ከብቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ግን የሚሸሽበት ሜዳ አልነበረም። ከላይ በካርታ ሲታይ የጥጥ እርሻው ልማት ነበር፤ ለአርብቶ አደሩ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎተራው መወሰዱ ነበር።

የመንግሥትን ጸጥታ በሚመለከት ከድርቁ ይልቅ የከበደው መደበቁ ነው። ባላገሩ እየተሰደደ በዋናው መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃም ወደ ጠቅላይ ግዛት የሚወጣው ወሬ እየለዘበ ሄደ፤ ወደ ላይ በወጣ ቍጥርም የሚያስደስት እየሆነ መጣ። በመጨረሻ ነገሩን ለዓለም የገለጸው በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በእርግጥ አብዮቱ ከወሎ ረኃብ በቀር ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የወታደሩ የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ፣ የቤንዚን ዋጋ መወደድ፣ የመሬት ይዞታ ጥያቄ ሁሉ አሉበት። ሆኖም ያን ያህል ዘመን የቆየውን መንግሥት በሕዝቡ ፊት ክብሩን ያሳጣው ረኃቡና የረኃቡ መደበቅ ነበር። ዘበኛ ጠላት ሲመጣ አይቶ «ደኅና ነው» ብሎ ቢያልፍ በወታደር ሕግ የሚጠብቀው ቅጣት ይታወቃል። ማሳው ደርቆ ሳለ «አዝመራው አጥጋቢ ነው» ብሎ የጻፈ ሹም ግን በማንም ሕግ ሲጠየቅ አልታየም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ የሆነው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያን ጊዜ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ መንግሥት ግን የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በዓል በማክበር ተጠምዶ ነበር። ድርቁ በበረታባቸው የሰሜን አውራጃዎች ውስጥ ጦርነት ስለ ነበረ፣ እህል ወደ ተራበው እንዳይደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያው ታወከ። ከዚያም ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍር ተደረገ፤ ብዙው በፈቃዱ አልነበረም። የተራቈተ መሬት ሰዎቹን ከርስታቸው አፈለሰ፤ የፈለሱትም በሄዱበት ዱር መንጥረው አረሱ፤ ከቀድሞው ነዋሪ ጋርም የመሬት ክርክር ተነሣ።

የ2008 ዓ.ም. ድርቅ በአንጻሩ ሊታይ የሚገባው ነው። ያ ድርቅ በብዙ ወረዳዎች ካለፉት ዐሥርተ ዓመታት ሁሉ የከፋ ነበር፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልሆነም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው የሴፍቲ ኔት ሥራ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ድኻ ቤተ ሰብ በየዓመቱ ስንዴ ወይም ገንዘብ እየተቀበለ እርከንና ክትር እንዲሠራ አድርጎ ነበር። የማስጠንቀቂያው ወሬ በጊዜ ወጣ፤ የመጠባበቂያ እህል ነበረ፤ መንግሥትም ከራሱ ገንዘብ እህል ገዛ። ዝናሙ በሁለቱም ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ የተለያየው በመካከሉ የተሠራው ሥራ ነው። ከባድ ከባድ ስሕተትም በዚያው ዘመን አልጠፋም፤ ይህ አንድ ነገር ግን የሚመሰገን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጦርነትን ሁሉ በዝናም ማመካኘት ጥፋተኛውን ነጻ ማውጣት ይሆናል ይባላል፤ ይህም ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን እ.ኤ.አ. በ2007 የዳርፉር ጦርነት ከአየር ጠባይ መለወጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲጽፉ፣ ነገሩን የሚያውቁ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የሱዳን ዝናም የቀነሰው ጦርነቱ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነበር፤ ፈረሰኞቹን አስታጥቆ በመንደሮቹ ላይ የላከውም ደመና ሳይሆን መንግሥት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ግጦሽና ውሃ ያልጠበበው አርብቶ አደር ለዘረፋ ጠመንጃ ሲሰጠው እንደ ተቸገረው አይቀበልም። ጥፋተኛው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ጥፋተኛው መሣሪያ የሚሆነውን ሰው ከየት እንዳገኘ መጠየቅም ይገባል።

የሶማሊያ ከሰል ነገር ይህን ይበልጥ ያስረዳል። በደቡብ ሶማሊያ ያለው የግራር ዛፍ ለግመልና ለፍየል መኖ፣ ለዐፈሩም መከላከያ ነው። የማዕከላዊው መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ይህ ግራር እየተቈረጠና እየከሰለ፣ በተለይም በኪስማዩ ወደብ በኩል፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት ይጫን ጀመር። አል ሸባብ የተባለው ታጣቂ ቡድን ከዚህ ከሰል ቀረጥ እየሰበሰበ መሣሪያና ቀለብ ይገዛበት ስለ ነበር፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሶማሊያን ከሰል ከውጭ የሚገዛ አገር እንዳይኖር ከለከለ። ከዓለም ሁሉ ስለ ጸጥታ የሚወስን ከፍተኛው ምክር ቤት ስለ ከሰል ውሳኔ ማሳለፉ ያስገርማል፤ ነገሩን ያስተዋለ ግን አይገረምም። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በዚያው አገር በተነሣው ረኃብ ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል፤ ያው ታጣቂ ቡድንም እርዳታ ሰጪዎች እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ከብቱ ያለቀበት ጐልማሳ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ ግራር ቈርጦ ማክሰል፣ ወይም ቀለብ ለሚሰፍርለት ጠመንጃ መሸከም። ሁለቱም ገቢያቸው ለአንድ እጅ ነበር።

በአዋሽ ሸለቆም ሌላ ነገር አለ። የበረሃ መስፋፋትን ይከላከላል ተብሎ በደርግ ዘመን የተስፋፋው እሾኻም የውጭ ዛፍ፣ አፋሮች «ደርጊ ሐራ» የሚሉት፣ ዛሬ ሰፊ የግጦሽ መሬት ውጦ ይገኛል። ፍሬውን ከብት እየበላ በፋንድያው ይዘራዋል፤ ሥሩ ጥልቅ ስለ ሆነ በድርቅ አይሞትም፤ ከጥላው ሥርም ሣር አይበቅልም። የአፋርና የኢሳ ጠብ ከዚህ ዛፍ በፊት የነበረ ነው፤ ነገር ግን የቀረው ሣር በጠበበ ቍጥር ሁለቱ መንጋዎች የሚገናኙበት ጕድጓድ አንድ እየሆነ ይሄዳል። ዛፍ ሁሉ ዐፈር አይጠብቅም፤ ችግኝ ለመትከል የሚቸኵል ሹም ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

የታጠበው ዐፈር ደግሞ የሚሄድበት አለው፤ ድንበር ሲሻገርም ማለፊያ ወረቀት አይጠየቅም። መረብ ከኤርትራ ደጋ ተነሥቶ፣ ጋሽ ተብሎ በከሰላ ሜዳ ላይ ደለሉን ያራግፋል። የተከዜ ውሃ ሰቲት ሆኖ ወደ አትባራ ይገባል። በአትባራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤል ግርባ ግድብ፣ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከወዲ ሐልፋ ለተነሡት ኑብያውያን እርሻ ውሃ እንዲሰጥ ታስቦ ሳለ፣ ውሃ ከሚይዝበት ስፍራ ግማሽ ያህሉን ደለል ወስዶበታል። ለኢትዮጵያ ይህ የጎረቤት ወሬ ብቻ ሊሆን አይገባም። በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ታላቁ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ሕዝቡም ገንዘቡን አዋጥቶበታል፤ መንግሥታት ተከራክረውበታል። ያ ግድብ በጦር ይጠበቃል፤ ይህም የሚገባ ነው። ዕድሜውን የሚወስነው ግን በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በወለጋ ተዳፋት ላይ ያለው እርከን ነው። በአንድ የጎጃም ገበሬ ማሳ ላይ የተናደ እርከንና በጉባ ያለው ግድብ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን የሚያስረዳ ሰው በየወረዳው ቢኖር ለአገር መከላከያ የሚያደርገው አገልግሎት ትንሽ አይሆንም።

ለከተማ ሰው የቀረበ ምሳሌ ቢፈለግ የሐረማያ ሐይቅ አለ። ሐረርን ጨምሮ በአካባቢው ያሉ ከተሞች ከዚያ ሐይቅ ይጠጡ ነበር። ከዙሪያው ኰረብታ የሚወርደው ደለል ሞላው፤ ለጫት መስኖ የተተከለውም ፓምፕ ውሃውን ሳበው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግድም ሐይቁ ደርቆ ከብት ይሰማራበት ጀመር። ለሐረር ውሃ ከሩቅ በቧንቧ መሳብ ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ዙሪያው ኰረብታ በመጠበቁና ዝናሙም ደኅና በመሆኑ ውሃው ተመልሷል። ፓምፖቹ ግን አሁንም በዚያው ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ የችግኝ ቍጥር ነው። በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሯል። የሕዝቡ ትጋት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የተተከለው በዚያው ቀን ማታ ተቈጥሮ ሲነገር፣ ከሁለት ክረምት በኋላ የጸደቀው ስንት እንደ ሆነ በዚያው ድምፅ ሲነገር አይሰማም። የእርከንም ነገር እንዲሁ ነው፤ በሪፖርት ላይ የሚጻፈው አዲስ የተሠራው ኪሎ ሜትር ነው፤ የተናደውን ለመጠገን የተሠራው ስፍራ የለውም። ስለዚህ የወረዳው ሠራተኛ አሮጌውን ትቶ አዲስ እንዲሠራ ይገፋፋል፤ ወንዙም አሮጌውን ይወስዳል። የጸደቀ ችግኝና የቆመ እርከን ብቻ እንዲቈጠር አንድ ደብዳቤ ቢወጣ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይጠቅማል።

ሁለተኛው የተከለለ ተራራ ጉዳይ ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሓ መንደር ነዋሪዎች ተራራቸውን ከከብት ከልለው፣ ክትር ሠርተውና ውሃ ይዘው፣ የደረቀ ጕድጓዳቸው መልሶ ውሃ እንደ ሰጠ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለውበታል። በዚያ ስፍራ ሥራው የጸናው የተከለለው ሣርና የተጠራቀመው ውሃ የነማን እንደሚሆን አስቀድሞ በመንደሩ ስለ ተወሰነ ነው። በሌላ ስፍራ ግን ባላገሩ በነጻ ጕልበቱ ከልሎ ሲያበቃ ሣሩ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ይቀራል፤ አንድ ሌሊትም ከብት ይለቀቅበታል። ሰው የማይካፈለውን ነገር እንዲጠብቅ ማዘዝ የትም አልሠራም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት ደግሞ ለብዙ ዘመን የተጠበቀ ዛፍ ለማገዶ እንዲቈረጥ፣ በሬም እንዲታረድና እንዲዘረፍ አድርጓል። ከሰላም ውሉ በኋላ ቤትና መንገድ ሲጠገን ስለ ጥማድ በሬና ስለ ክትሩ የሚነገረው ግን ከሚገባው በታች ነው።

ሦስተኛው ባለ ክትባቱ ነው። ኢጣልያ በገባ ጊዜ በሬያችንን የፈጀው ደስታ የሚባለው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ ጠፋ ተብሎ ታወጀ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው መሸሸጊያው የአፋር ቈላ ነበር፤ መኪና የማይደርስበት፣ ክትባትም በሙቀት የሚበላሽበት አገር ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኝቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ራሳቸው ከመንጋ ወደ መንጋ በእግር እየዞሩ ከተቡ፤ በሽታውም ቆመ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ ለአገር ውድቀት በር የከፈተ ጠላት በዚህ ዓይነት ሰዎች ሲጠፋ፣ በምንም ሰልፍ አልታየም። የበረሃ አንበጣም ከዚሁ ይቈጠራል። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ የአንበጣ መከላከያ ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ለብዙ ዓመት አንበጣው ስላልበረታ አውሮፕላኑና ባለሙያው ችላ ተባለ፤ በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲመጣ ዝግጅቱ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መቅደም ያለበት የወሬው እውነተኛነት ነው። አዝመራ ጠፋ፣ ምንጭ ደረቀ፣ ከብት ተሰደደ ብሎ የሚጽፍ የወረዳ ሠራተኛ ዛሬም ቢሆን ደካማ ተደርጎ እንዳይታይ ይፈራል፤ የበላዩም ከእርሱ በላይ ያለውን ይፈራል። የዝናም መለኪያው ርካሽ ዕቃ ነው፤ ማንበቡም ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ያነበበው ሰው ያነበበውን ሳይቀንስና ሳይጨምር ወደ ላይ እንዲያደርስ፣ ባደረሰውም ነገር እንዳይነቀፍ በሕግ ቢጠበቅ፣ ለዚህ አንድ ነገር የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድ ነው።

እስከዚያው ድረስ ለወረዳዎች የሚቀርበው ሥራ የታወቀ ነው። ባለፈው ክረምት የተናዱት እርከኖች አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ዐፈሩ ሳይጠነክር መጠገን አለባቸው፤ ክትሮቹ ከደለል መጠረግ፣ የተሰበሩትም መታደስ ይገባቸዋል። በልግ በየካቲት መጨረሻ በሚጀምርባቸው ወረዳዎች ይህ ሥራ ከጥር ወር ማለፍ የለበትም፤ ክረምት ብቻ በሚዘንብባቸው ግን እስከ ግንቦት አጋማሽ ጊዜ አለ።